የተሸፈነ ማተብ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ከምትሠራበት የዐረብ አገር ደውላ፣ «ጋሼ፣ ማተቤን ልፍታው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። የቤቱ እመቤት አንገቷ ላይ አይታው፣ ሁለተኛ እንዳላይብሽ ብላታለች። ፓስፖርቷም ደመወዟም በሰው እጅ ላለ ልጅ ከዚህ ከደብረ ማርቆስ ሆኖ «በርቺ፣ አትፍሪ» ማለት ምክር ሳይሆን ድፍረት ስለመሰለኝ፣ ነገ ልደውልልሽ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርሁት አባታችንን ነው። በደርግ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም ገጠር መምህር ነበር። ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጧት በቅዳሴ ሰዓት ሲሆን፣ መቅረት ደግሞ በአድኃሪነት ያስጠረጥር ነበር። አባታችን ሌሊቱን ጋቢውን ተከናንቦ ማኅሌት ቆሞ ያድርና፣ ጎሕ ሲቀድ ተመልሶ፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ ከስብሰባው የፊት ወንበር ይቀመጣል። መፈክር ሲባልም እጁን ያነሣል። ይህን በልጅነቴ እንደ ግብዝነት እቆጥረው ነበር። ማታ እናታችን እግሩን ልታጥበው ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን ላብ ያጠነከረው ጥቁር ክር ከአንገቱ አይጠፋም፤ ሸፈነው እንጂ አልበጠሰውም።

አንድ ቀን ካድሬው ክፍል ገብቶ፣ እግዚአብሔር የለም ብለህ ለተማሪዎቹ ንገራቸው አለው። «ጓድ፣ እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ይህን ግን አልልም» ብሎ መለሰ። ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ታሰረ። ከዓመታት በኋላ ስጠይቀው፣ የት ድረስ ዝም እንደሚል፣ የቱ ላይ እንደሚናገር አስቀድሞ ከራሱ ጋር ጨርሶ እንደነበር ነገረኝ። ካድሬው ፊት ቆሞ ማሰብ ቢጀምር ኖሮ ፍርሃቱ ያስብለት ነበር፤ ይህን ያለው ራሱ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ይላቸዋል፤ በአንዲት ከተማ ሲያሳድዷቸው ወደ ሌላይቱ እንዲሸሹም በዚያው ምዕራፍ ያዝዛቸዋል። በሰው ፊት የሚክደውን በአባቱ ፊት እንደሚክደው የተናገረውም እዚያው ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰድዷል፤ ፈሪ ያሉት ግን ጠላቶቹ ብቻ ናቸው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስም ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ባወጁበት ዘመን ከባሏ ቤት ወጥታ፣ በጣና ዙሪያና በዋልድባ ከቦታ ቦታ ስትሸሽ ኖራለች፤ ተይዛ ንጉሡ ፊት ስትቀርብ ግን ሃይማኖቷን አልለወጠችም።

ጥንቃቄ ሁልጊዜ ያድናል ማለቴ አይደለም። የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እዚያ ላይ የሚሸፈን ነገር አልነበረም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በስደት አገር በጓዳ ተሰብስበው የሚጸልዩ ምእመናንን ፎቶ፣ ፊታቸው ሳይሸፈን፣ «ጀግኖቻችን» እያልን በስልክ እናሰራጫለን። በ2004 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ታስረው ወራት ቆይተዋል። በሰው አንገት ደፋር መሆን ምን ይባላል? እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶ ልኬ፣ እህቴ ተቆጥታ አስጠፍታኛለች።

በማግሥቱ ስደውልላት ፍቺውም አሳዪውም አላልኋት፤ የአባታችንን ሸሚዝ ብቻ አስታወስኋት። ዝም ብላ ቆየችና፣ ከአንገቷ ፈትታ በውስጥ ልብሷ ጠርዝ ላይ እንደምትሰፋው ነገረችኝ። ሃይማኖትሽን ካጂ ቢሉሽስ ብዬ ልጠይቃት ስል፣ «እሱንማ ድሮ ጨርሼዋለሁ» አለችኝ። ከበስተኋላዋ ውኃ ሲወርድ ይሰማኝ ስለነበር ምን እያጠብሽ ነው አልኋት። ምንም አላጥብም፤ ውዳሴ ማርያም ልደግም ነው፣ ድምፄ እንዳይሰማ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ነው አለችኝ።