የጋሼ አርባ መርከቦች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቡናው ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል፣ አብሮ አደጌ ከደብረ ብርሃን ደወለልኝ። የዘመድ አዝማዱን ደኅንነት፣ የብርዱን ክፋትና የጤፉን ዋጋ ከተጠያየቅን በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ። ልጁ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነ፣ የእኔ ልጅ በየቅዳሜው ለግማሽ ሰዓት በስልክ እንግሊዝኛ እንዲያስጠናለት ፈልጎ ኖሯል። «ያንተ ልጅ እኮ እዚያው ነው የተወለደው፤ እንግሊዝኛ ለእሱ ውሃ ነው» አለኝ። ልጄ በዚያች ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ የሳምንቱን ዐሥር የስፔሊንግ ቃላት ለአራተኛ ጊዜ እየጻፈ፣ ለአራተኛ ጊዜም እየተሳሳተ ነበር። «እሺ፣ እናየዋለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ያን ቀን ለጓደኛዬ መንገር ያሳፈረኝን ነገር እነሆ ለእሱም፣ ልጆቹን ይዞ ለመውጣት ሻንጣ ለሚያሰናዳውም ሁሉ እጽፋለሁ።

እንግሊዝ አገር የተወለደ ልጅ እንግሊዝኛ መናገሩ እውነት ነው። ልጄ ሲናገር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት ከምንኖርባት ከሊድስ ከተማ ልጆች አትለዩትም፤ እንዲያውም በእኔ አነጋገር ይሥቃል። መናገርና ማንበብ ግን የተለያዩ መሆናቸውን እኔ ያወቅሁት በእሱ ነው። ንግግር ሕፃኑ ሰዎች መካከል ስላደገ ብቻ ይመጣለታል፤ ንባብ ግን የተሰማውን ቃል ወደ ድምፆች ሰብሮ እያንዳንዱን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ማጋጠም ስለሚጠይቅ፣ ካልተማሩት አይመጣም። ይህ ማጋጠም ከብልህነታቸው ጋር በማይገናኝ ምክንያት እጅግ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ፤ ዲስሌክሲያ ይሉታል።

እኔ ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው። በአምስት ዓመቴ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት ከክፍሌ አንደኛ እየወጣሁ የተሸለምሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቶት ሁለት መስመር ማንበብ ሲያቅተው፣ «ሰነፍ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

አንድ ሐሙስ መምህሯ ልጆቹ ስለ አንድ ዘመዳቸው አምስት ዐረፍተ ነገር ጽፈው እንዲመጡ አዘዘች። ልጄ የመረጠው ታላቅ ወንድሜን ነው። እኔ ጋሼ ስለምለው ልጄም ሰምቶ ጋሼ ይለዋል። ጋሼ ከጓሳ ወዲህ ባለው በአባታችን ቦታ አርባ በጎች አሉት፤ አርባ በግ በመንዝ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ልጄ ስለ በጎቹ ሊጽፍ ሲል ስፔሊንጉን ጠየቀኝና፣ እኔም በልበ ሙሉነት «ኤስ፣ ኤች፣ አይ፣ ፒ» ብዬ ቆጠርሁለት። «አባባ፣ ሁለት ኢ ነው ያለችን መሰለኝ» ብሎ ሲጠራጠር፣ «አባቱ ማን ነው፣ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ብዬ አስጠፋሁት።

ከሳምንት በኋላ መምህሯ አስጠራችኝ። በሕፃናቱ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ተቀምጬ ሳለ፣ የልጄን ወረቀት ፊቴ አስቀመጠችና በለሰለሰ ድምፅ ወንድሜ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ገበሬ ነው አልኋት። እንደዚያ እንደገመተች፣ ነገር ግን ልጄ አጎቱ በተራራ ላይ አርባ መርከቦች እንዳሉት፣ መርከቦቹም ሣር እንደሚበሉ፣ ማታ ማታም ጋጣ እንደሚገቡ መጻፉን ነገረችኝ። ካርታም አይታ ኖሮ፣ አገራችን ባሕር እንደማይነካት ጨመረችበት። «ባሕርስ ነበረን» ብዬ ልጀምር ቃጥቶኝ ነበር፤ ደግነቱ እንግሊዝኛዬ አልፈጠነልኝም። በዚህ መካከል ልጄ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣ «እሱ ነው ያለኝ» አለ፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ጥርት ባለ የሊድስ አነጋገር።

እስከ ዛሬ ሌሊት ሲያባንነኝ የሚያድር ይህ ነው። ሊድስ በሱፍ ንግድ የከበረች ከተማ ናት፤ እኔ ደግሞ በርኖስ ለብሼ፣ በግ ጠብቄ ያደግሁ መንዜ ነኝ። ሰው በማያውቀው ነገር ቢዋረድ እንግድነቱን ያመካኛል፤ እኔ የተዋረድሁት ግን በበግ ነው። መምህሯ ብትሥቅብኝ በቀለለኝ፤ እሷ ግን አዘነችልኝ።

ነገሩ ስር የሰደደው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በኢንግላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ፣ በእኛ ኬጂ በሚባልበት በአምስትና በስድስት ዓመታቸው፣ ልጆች ሁሉ በሰኔ ወር አካባቢ ፎኒክስ የሚባለውን፣ ፊደልን ከድምፁ ማጋጠም የሚለካውን ፈተና ይፈተናሉ። ልጁ ለመምህሩ ጮክ ብሎ የሚያነባቸው 40 ቃላት ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 20ዎቹ ፈጽሞ ትርጉም የላቸውም፤ ሆን ተብለው የተፈጠሩ ናቸው፤ ልጁም እንዳይደናገር በየአጠገባቸው የጭራቅ ሥዕል ይደረጋል። የመለማመጃው ወረቀት ወደ ቤት ሲላክልን ይህን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ ወይም ያስረዳ ደብዳቤ መጥቶ ሳላነበው ቀርቻለሁ። «ቮፕ» የሚለውንና ወንድሞቹን ከአገር ቤት ይዤው በመጣሁት መዝገበ ቃላት እስከ እኩለ ሌሊት ስፈልግ አመሸሁ። ሳጣቸው ጊዜ ትምህርት ቤቱ የተሳሳተ ወረቀት እንደላከ ቈረጥሁና፣ እያንዳንዱን በሚመስለው እውነተኛ ቃል «አርሜ» ልጄን አስጠናሁት። ልጄ በፈተናው ከሚጠበቀው ውጤት አልደረሰም፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሲፈተንም አልደረሰም።

የመርከቦቹ ዕለት መምህሯ የዚያን ፈተና ምሥጢር ገለጠችልኝ። ትርጉም ያለውን ቃል ልጁ በቃሉ ይዞት፣ ወይም ሥዕሉን አይቶ ገምቶት ሊያነበው ይችላል፤ ትርጉም የሌለውን ግን ፊደሉን በእርግጥ ካላወቀ በቀር በምንም ዘዴ ሊያነበው አይችልም። ይህን ስትል እኔ የኔታ ጥላ ሥር ተመለስሁ። ሀሁን በዜማ ሸምድደን እንደ ውሃ ስናወርደው፣ የኔታ አይታለሉምና «አሁን አቡጊዳ» ይሉን ነበር። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ማለት ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም። ፊደሉን ከለመደው ሥፍራ አፋልሶ፣ ልጁ ያወቀው ዜማውን ይሁን ፊደሉን የሚፈትሽ ነው። እንግሊዞች በ2012 የደረሱበትን የእኛ አባቶች ስንት ዘመን ሲሠሩበት እንደኖሩ ለመምህሯ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ በትዕግሥት አዳመጠችኝ፤ የገባት ግን አልመሰለኝም።

ሁለተኛውን ኩራቴን ያገኘሁት ለወላጆች በተዘጋጀው ትምህርት ላይ ነው። እዚያ ያስጠነቀቁን የፊደሉን ድምፅ ለልጁ ስናሰማ «ባ» ወይም «በ» እንዳንል፣ ንጹሑን ድምፅ ብቻ ቆርጠን እንድናሰማ ነው፤ ልጁ «በ-አ-ተ» እያለ ቢያጋጥም «ባት»፣ ማለት የሌሊት ወፍ፣ የሚለው ቃል አይገኝለትምና። እንግሊዞቹ ወላጆች ሲታገሉ እኔ በአንድ ትንፋሽ «ብ፣ ት፣ ክ፣ ስ» ብዬ ጨረስሁት። ሳድስ እኮ ነው! መርከቡንና በጉንም በኋላ የለየሁት በዚሁ ነው፤ ፍጹም ባይሆንም መርከቡን በሳድስ «ሽፕ»፣ በጉን በሣልስ «ሺፕ» ብዬ ሳነበው ልጄ ማረሙን ተወኝ።

እርግጥ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ለማንም ልጅ የሚራራ አይደለም። በ26 ፊደላት 44 ያህል ድምፆችን ለመጻፍ ይሞክራል። የፊደሉ ስም እንኳ ሁልጊዜ ድምፁን አይናገርም፤ «ደብልዩ» ሲባል የ«ው» ድምፅ፣ «ኤች» ሲባልም የ«ህ» ድምፅ የት አለ? «ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች» የሚባሉት አራቱ ተከታትለው ሲመጡ በአንዱ ቃል «ኦ»፣ በሌላው «ኡ»፣ በሦስተኛው «አፍ»፣ በአራተኛው «ኦፍ» ይሆናሉ። ቢላዋ ለማለት «ናይፍ» በሚባለው ቃል መጀመሪያ የሚጻፈው «ኬ» ደግሞ ዱሮ ይነበብ የነበረ ነው፤ ካክስተን የሚባለው ሰው በ1476 ማተሚያ ወደ እንግሊዝ ካገባ ወዲህ ጽሕፈቱ እየረጋ ሲሄድ አንደበቱ መለወጡን ስላላቆመ፣ ፊደሉ እንደ ባዶ ወንበር ተቀምጦ ቀረ። ይህን ሁሉ ስዘረዝር ባለቤቴ «ፀሐይን ስንት ዓይነት አድርገው እንደሚጽፏት ለልጁ ንገረው እስቲ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሦስት «ሀ» ይዘን፣ የልደቱን «ገና» ከ«ገና አልመጣም» ሳንለይ በአንድ ዓይነት እየጻፍን በሌላው መሳለቅ አያምርብንም።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ የሚሞላ ቅጽ ሰጠኝ። አስቀድሞ የልጁን ዓይንና ጆሮ እንድናስመረምር አዘዙን፤ ደኅና ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በቤተሰቡ ውስጥ ማንበብ ወይም መጻፍ የተቸገረ ሰው እንዳለ የሚጠይቅ ነበር፤ ችግሩ በዘር ሐረግ የሚወርድበት ጊዜ አለና። እኔ «የለም» ብዬ በትልቁ ጻፍሁ፤ ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ሊወጣ! አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ጋሼ ትዝ ያለኝ።

ጋሼ ከእኔ በሦስት ዓመት ቀድሞ የኔታ ዘንድ ገብቷል። እኔ ደርሼበት፣ አልፌው ዳዊት ስጀምር፣ እሱ ገና ፊደል ገበታው ላይ ነበር። የኔታ መልካም ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን አለንጋ እንጂ ሌላ መድኃኒት አያውቁም ነበርና፣ ጋሼ ጀርባው ተልጦ ወደ ቤት የሚመጣበት ቀን ብዙ ነበር። በመጨረሻ አባታችን «ይህስ ፊደል አልተጻፈለትም» ብሎ በግ ጠባቂ አደረገው። ያ «ፊደል ያልተጻፈለት» ልጅ አርባውንም በግ በመልክ ለይቶ የማን ግልገል እንደሆነች ይናገራል፤ የዕድሩን ሒሳብ ሰው በወረቀት ከሚያሰላው ቀድሞ በቃሉ ያወጣል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ተመልሼ ቅጹ ላይ «የለም» ያልሁትን ሰርዤ «ታላቅ ወንድሜ» ብዬ ጻፍሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ ልጄን ከሦስት ልጆች ጋር ለይተው ከድምፅ እንደ አዲስ አስጀመሩት፤ ሥዕል አይቶ መገመት ተከለከለ። እኛም ቤት ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሰን፣ ድምፁን እያሰማ ፊደሉን በጣቱ እንዲጽፍ አደረግን፤ እኛ በአመድና በአፈር እንዳደረግነው ማለት ነው። ባለቤቴ የጤፍ ዱቄቷን አይታ ልትገድለን ስትደርስ ወደ ስንዴ ተዛወርን። ዛሬ በዘጠኝ ዓመቱ ቀስ ብሎ ያነባል፤ ስፔሊንጉ ግን አሁንም ያስቸግረዋል፤ ምናልባት ሁልጊዜም ያስቸግረው ይሆናል።

ልጅ ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ፣ እኔ ከሠራሁት ስሕተት የከፋው መርከቡ እንዳይመስላችሁ። ልጁ ሲደክም አንዳንድ ወገኖች «አማርኛችሁ ነው ያደናገረው» ስላሉን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ አማርኛ ከልክለን በዚያ በተሰበረ እንግሊዝኛችን ስናወራው ከርመናል። ሁለት ቋንቋ ዲስሌክሲያ አያመጣም፤ እኛ ግን ተረቱንም፣ ቁጣውንም፣ ምርቃቱንም አሳጣነው። ከመምህር ጋር ስትነጋገሩ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የራሱን ክስ ራሱ ሲተረጉም ምን እንደሚዘል አታውቁምና አስተርጓሚ ጠይቁ። በኢንግላንድ እያንዳንዱ መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት አስተባባሪ ሊኖረው ግድ ነው፤ የሐኪም ወይም የባለሙያ ወረቀት እስኪመጣ ሳይጠበቅም እርዳታ ሊጀመር ይችላልና በጽሑፍ ጠይቁ፤ ፈረንጅ ደብዳቤ ይፈራል። ልጃችሁ እዚያው እያለ ፊደል ከብዶት ከነበረም ለክብራችሁ ብላችሁ አትደብቁ።

ለጓደኛዬ ገና መልሼ አልደወልሁለትም። ለጋሼ ግን ደወልሁ፤ የመርከቦቹን ነገር አንድ ሳላስቀር፣ ቅጹንም፣ ስሙን መጻፌንም ነገርሁት። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይገርፉታል?»

«አይ ጋሼ፤ እዚህ መግረፍ አይፈቀድም።»

እንደገና ዝም አለ። ከበስተኋላው በጎቹ ሲጮኹ ይሰማኛል።

«እንግዲያው ለመምህሯ ንገርልኝ፤ ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ስለወለዱ አሁን አርባ ሁለት ናቸው» አለኝ።