የጎደለ ሙላ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን የምጽፈው ታኅሣሥ 28 ከሰዓት በኋላ፣ ጅማ፣ ከቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመ ሰው ሁሉ ዛሬ ሰዓት እየቆጠረ ነው። ዶሮዎቹ ከጓሮ ታስረው ጭጭ ብለዋል፤ ነገሩ የገባቸው ይመስላል።

ፊት ለፊታችን ካለው ባዶ ቦታ ላይ ልጆች ገና ይጫወታሉ። የገና ጨዋታ ጠፋ ሲባል እሰማለሁ፤ የኛ ሰፈር ልጆች ግን አልሰሙም መሰለኝ። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ በየዓመቱ ከየት እንደሚያመጡ እንጃ። ሩሯ የጨርቅና የላስቲክ ጥቅል ናት። ሁለት አለቆች ቆመው ቡድን ይመርጣሉ። አንዱ ሯጩን ወሰደ፣ ሌላው ጉልበተኛውን። እንዲህ እያሉ መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ብቻውን ቆሞ ቀረ። አለቃው ዞር ብሎም አላየውም።

«አንተ የጎደለ ሙላ!» አለው።

ልጁም ሄደና ሞላ።

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። ያቺ ቃል የኔ ናትና። በልጅነቴ ለሰፈራችን ቡድን ስጫወት ግብ ጠባቂው ሲታመም በረኛ ነበርኩ። ተመላላሹ ቡና ለቀማ ሲሄድ ተመላላሽ። አጥቂው ከእናቱ ጋር ሲጣላ አጥቂ። አሠልጣኛችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ እኮ የትም ትችላለህ» ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። የትም ትችላለህ ማለት የኔ የምትለው ቦታ የለህም ማለትም ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሁን የስፖርት መምህር ነኝ። ማለቴ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል። ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ፣ አንድ መንፈቅ ሒሳብ ይዣለሁ፣ ላይብረሪም ጠብቄያለሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፈተና ተወዳደርኩ። አለቃዬ ቢሮው አስገብቶ ሻይ ጋበዘኝ። ሻይ ከመጣ ነገሩ እንዳበቃለት ታውቃላችሁ። «አንተን እዚያ ካስቀመጥን ክፍተቱን ማን ይሸፍናል?» አለኝ። ሙገሳ ነው ወይስ ስድብ? እስካሁን አልለየሁትም።

ለዚህ ነው አንድ የማላውቀው ሰው፣ የማልጫወተውን ጨዋታ የሚጫወት ሰው፣ ዘመዴ የመሰለኝ። ስሙ ቤን ዞብሪስት ይባላል። አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር።

ቤዝቦል ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሲከላከሉ ዘጠኝ ሰዎች ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ስፍራ አለው። ኳስ ወርዋሪውና ቀላቢው አሉ። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚረግጣቸው ምልክቶች) ላይ የሚቆሙ አሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ ይባላል፤ ከከባዶቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ከኋላ ሰፊው ሣር ላይ ደግሞ ሦስት ሰዎች አሉ። ሲያጠቁ ተራ በተራ በዱላ ይመታሉ። ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ የቀናው ሰው ጎበዝ ነው። ሰባቴ ስቶ ጎበዝ የሚባልበት ሙያ ሌላ የት አለ?

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ቺካጎ የሚኖረው ወንድሜ ነው። አሜሪካ በሄደ በሁለተኛ ዓመቱ ቤዝቦል ለከፈው። ስልክ ሲደውል መጀመሪያ እማዬን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የቡና ዋጋ፣ ከዚያ ስለ ዞብሪስት ይጀምራል።

ዞብሪስት ያደገው ኢሊኖይ ውስጥ ዩሪካ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ አባቱ ፓስተር ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ የፈለገው ኮሌጅ አልነበረም። አያቶቹ ለልደቱ ከሰጡት ገንዘብ 50 ዶላር ከፍሎ ለአሠልጣኞች ችሎታ ማሳያ ሄደ፤ ኮሌጅ የገባው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሂውስተን አስትሮስ የሚባል ቡድን በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 6ኛ ዙር መረጠው። በ2006 ሌላ ተጫዋች ሲፈልጉ ለታምፓ ቤይ ለወጡት። እንግዲህ ሰውን እንደ በሬ መለዋወጥ እዚያ የተለመደ ነው። ጠዋት የአንዱ ነህ፣ ማታ ሻንጣህን ትሸክፋለህ።

ታምፓ ቤይ ሲገባ ሾርትስቶፕ ነበር። የራሱ ቦታ ነበረው ማለት ነው! ይህን ብዙዎች ይረሱታል። ሰው ስለሱ ሲያወራ ከእናቱ ሆድ ሁለገብ ሆኖ የወጣ ያስመስለዋል። በ2007 ግን ዱላው አልታዘዝ አለው። ከ97 ሙከራ የተሳካለት 15 ብቻ ነው። ወደ ታችኛው ሊግ መለሱት። ያ የውድድር ዓመት እንዳለቀ ቡድኑ ጄሰን ባርትሌት የሚባል ሌላ ሾርትስቶፕ በዝውውር አመጣ። ቦታው በቁሙ ተወሰደበት።

እዚህ ላይ ወንድሜና እኔ ሁልጊዜ እንከራከራለን። እሱ «ትዕግሥቱ ነው ያወጣው» ይላል። እኔ አይመስለኝም። ትዕግሥት ያላቸው ስንት ሰዎች ከታችኛው ሊግ ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ዞብሪስት ሁለት ነገር ገጠመው። አንደኛ፣ ውድድር በሌለበት በዚያ የዕረፍት ወራት አመታቱን ከሥሩ አፍርሶ እንደገና ሠራው፤ ኳሷ ከአጥር ማዶ መሄድ ጀመረች። ሁለተኛ፣ ጆ ማደን የሚባል አሠልጣኝ ነበረው። ማደን ቦታ የሌለውን ሰው በየቀኑ ቦታ ፈለገለት። ዛሬ ሁለተኛ ቤዝ፣ ነገ የቀኝ ሣር፣ ከነገ ወዲያ ሾርትስቶፕ። ስሙ ከዝርዝሩ አይጠፋም፤ የሚቆምበት ብቻ ይቀየራል። በ2009 ዞብሪስት 27 ሆም ራን (ከአጥር ማዶ የሚያልፍ ምት) መታና ኮከቦች የሚሰለፉበት ጨዋታ ላይ ተመረጠ።

እኔ በዱላዬ አልሠራሁም፣ ለማለት ነው። የሚያየኝም አልነበረም፤ ግን መጀመሪያ በዱላዬ አልሠራሁም።

አንድ ዓመት ወንድሜ ለበዓል ጓንት ላከልኝ። በግራ እጅ የሚጠለቅ፣ ወፍራም ቡናማ ቆዳ፣ ጣቶቹ በጠፍር የተያያዙ። አዲስ ሳለ እንደ ደረቀ ቁርበት ነበር፤ እጄን አስገብቼ ልጨብጠው ብል አልታጠፍ አለኝ። ትምህርት ቤት ይዤው ስሄድ አንዷ ተማሪ ዞር ዞር አድርጋ አየችውና «ቲቸር፣ ትኩስ ድስት ማውረጃ ነው?» አለችኝ። ክረምት ገባ። የጅማን ክረምት ለምታውቁ መንገር አያስፈልገኝም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማና ቀበቶ አረንጓዴ ያበቅላል። ጓንቱም ሻገተ። በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ቫዝሊን ቀባሁት፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር አሰጣሁት። ይኸው አሁን መዳፉ ላይ ያለው ቆዳ ለስልሷል፣ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል። ወንድሜ እንደሚለው ቤዝ አካባቢ የሚቆሙት ጓንት አጠር ይላል፣ ኳሷን ቶሎ ለማውጣት። ሣር ላይ የሚቆሙት ረዘም ይላል። እንደ ዞብሪስት ያለ ሰው ታዲያ ከአንድ በላይ ጓንት ተሸክሞ ነው የሚዞረው። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ፊሽካ፣ የሒሳብ መጽሐፍና የላይብረሪ ቁልፍ ነበሩ።

በ2015 ታምፓ ቤይ ለኦክላንድ ሰጠው። እዚያ ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ ተጎዳና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከዳነ በኋላ ሐምሌ ላይ ለካንሳስ ሲቲ ተሰጠ፤ በዚያው ዓመት ካንሳስ ሲቲ ዋንጫ በላ። አንድ ዓመት፣ ሦስት ማሊያ፣ አንድ ቀዶ ጥገና፣ አንድ ዋንጫ። ከዚያ ቺካጎ ከብስ በአራት ዓመት ውል 56 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰደው። የጎደለ ሙላ 56 ሚሊዮን! ይህን ለአለቃዬ ብነግረው ሻዩን እራሱ ይጠጣው ነበር።

ከብስ ከ1908 ጀምሮ ዋንጫ አላነሳም ነበር፤ 108 ዓመት። ቺካጎዎች ነገሩን በፍየል ያሳብባሉ። በ1945 አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ፍየሉን ይዞ ስታዲየም ሲመጣ አናስገባም ብለው መለሱት፤ እሱም ረገማቸው ይባላል። ጅማ ላይ በበዓል ሰሞን ፍየል ይዞ የመጣ ሰው ከየት በር ይመለሳል? አስቡት እስቲ።

የ2016ቱ የዋንጫ ፍልሚያ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ከብስ ከክሊቭላንድ፣ እዚያው ክሊቭላንድ ላይ ነበር። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 24 ቀን 2009። ያን ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ስለነበር ምንም የማይበት መንገድ አልነበረኝም። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ለሥራ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው፤ እዚያ ገና እኩለ ሌሊት አልሞላም። «እኩል ናቸው፣ 6 ለ 6! ዝናብ መጥቶ አቆሙት!» ይላል። እኔ ደግሞ ጅማ ሆኜ «ለዝናብ ብሎ ጨዋታ ይቆማል እንዴ?» እለዋለሁ። 17 ደቂቃ ቆሞ ነበር። ሲቀጥል ስልኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ደገነው። እንግሊዝኛው እየተቆራረጠ ይሰማኛል፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ወንድሜ በአማርኛ፦ «መታት! መታት! በሦስተኛው ቤዝ ጥግ አለፈች!»

ማን እንደመታት አልጠየቅኩም።

ዞብሪስት ነበር። ያቺ ምት መሪዋን ነጥብ አስገባች፤ ሌላ አንድ ተጨመረ፣ ክሊቭላንድ አንድ መለሰ፣ 8 ለ 7 አለቀ። የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተሸለመውም እሱ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አረፈድኩ። ምክንያት ስጠየቅ «ትራንስፖርት» አልኩ።

ተረት ቢሆን እዚህ ይቆም ነበር። በ2017 የእጅ አንጓው አመመውና ምቱ ወረደ። በ2018 ከ10 ሙከራ ከ3 በላይ መምታት ጀመረ፣ በ37 ዓመቱ። በ2019 በቤተሰብ ጉዳይ ለወራት ከሜዳ ራቀ። መስከረም ላይ ተመለሰ፤ የመጨረሻ ወሩ እሱ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ቡድኑ እየተሸነፈ በነበረበት አንድ ጨዋታ፣ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ አንድ ኢኒንግ (አንድ የጨዋታ ዙር) ቆመ። በትልቁ ሊግ በሙሉ ዘመኑ ቆሞበት የማያውቀው ቦታ ነው። ነጥብ አላስገቡበትም። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም ዝም አልን። ከቀላቢው በስተቀር ሜዳው ላይ ያልቆመበት ቦታ አልቀረም።

እኛ ጅማዎች መውጣትና መውረዱን ከሌላ መማር አያሻንም። የእግር ኳስ ክለባችን አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት፣ በኛ አቆጣጠር በ2010፣ ዋንጫውን ጠርጎ መጣ። በ2014 ወረደ። ያኔ የጨፈረው ሕዝብና ያኔ ዝም ያለው ሕዝብ አንድ ነው፣ እኔም መካከሉ ነበርኩ።

የዘንድሮ መልካም ምኞቴን ለማን እንደምልክ ሳስብ ለቅሶ ቤት ትዝ አለኝ። ድንኳን ሲተከል ኮሚቴው ስሙ በዝርዝር ይነበባል። አንድ ሰው ግን አለ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ። ወንበር የጎደለ ጊዜ ወንበር ያመጣል፣ ውኃ ሲያልቅ ጀሪካን ይዞ ይሮጣል፣ ሌሊት ሰው ሲሳሳ ካርታ ይዞ ይቀመጣል። ጎረቤታችን እትዬ እንደዚያ ናቸው። እማዬ የታመመች ጊዜ ገበያውንም፣ ሐኪም ቤቱንም፣ ልጆቹንም ይዘውልን ነበር። ሙስሊም ናቸው፤ ለዓረፋ እኛ እንሄዳለን፣ ነገ እሳቸው ከማና ወረዳ የመጣ የዘንድሮ ቡና ይዘው ይመጣሉ። ጀበናውን ራሳቸው ካልጣዱት አይቀመጡም። እንግዲህ ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው፣ በዓሉ የደስታ ይሁንላችሁ። አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ይሙላላችሁ።

ልጆቹ አሁንም እየተጫወቱ ናቸው። አንዱ ሽንጡን ተመቶ አለቀሰ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው አባበሉት። ቀጭኑ ልጅ አሁን ከኋላ ቆሟል፤ ቅድም ከፊት ነበር። ጓንቱን ላሳየው ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ሥራ ላይ ነው።

እማዬ ከውስጥ እየተጣራች ነው። ሽንኩርቱን ልጬ ጨርሻለሁ፣ ወፍጮ ቤት ሄጃለሁ፣ እግሩ የወለቀውን በርጩማ ጠግኛለሁ። አሁን ደግሞ ዶሮውን የሚበልተው ዘመዳችን ከአጋሮ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ቀርቷል።

«አንተ ትችላለህ አይደል?» ትላለች።

12 ብልት ነው፤ አንዱንም አልችልም። ቢላዋ ላምጣ።