መጀመሪያ እግር ይውጣ፣ ስሜቱ ይደርሳል

በኮሮና ጊዜ አእምሮዬን ያቆየልኝ የእግር ጉዞ ነው። ጸሎቱም ቤተሰቡም አግዞኛል። ግን በየጠዋቱ ከአልጋ ያስነሳኝ፣ ማታ እንቅልፍ የመለሰልኝ፣ ከሰው ጋር ያገናኘኝ መራመዴ ነው። እንዴት እንዳደረግኩት ልጽፈው የፈለግኩት ዛሬም በሌላ በሌላ ምክንያት ቤቱን ዘግቶ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ስለማይ ነው።

መምህር ነኝ፣ የምኖረው ደሴ። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ መጨባበጥ ቀረ፣ መኪናውም በግማሽ ሰው እየጫነ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ለወሎ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ የወሎ ሰው ያውቀዋል። እኛ እኮ ሰላም ስንባባል የልጁን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን ደህንነት ጠይቀን ነው የምንላቀቀው። ለቅሶ ቤት ሳይደረስ፣ ሰርግ ሳይበላ፣ ቡና ሳይጠራሩ መዋል ከበሽታው እኩል ያማል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዲህ ነው ያሳለፍኳቸው። ቀን ቀን የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ የሚያወጡትን የዕለቱን ቁጥር እጠብቃለሁ። ቁጥሩ ሲወጣ ለሁሉም እደውላለሁ። ማታ ደግሞ እንቅልፍ የለም። ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ትከሻዬ እንደተወጠረ ያድራል፣ ትንሽ ካሳለኝ መጣ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያስተምር የኖረ ሰው ድንገት ፍራሽ ላይ ሲውል ሰውነቱም ግራ ይጋባል። እናቴ ደም ግፊት ስላለባት በሽታውን ይዤባት እንዳልገባ የምፈራው ፍርሃት ከሁሉም ይብስ ነበር።

የጎረቤቴ የጋሼ ቤት ከእኛ ጋር በአጥር ይገናኛል። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ሆነው «አንተ ልጅ፣ ራቁ አሉ እንጂ ተኙ አላሉም እኮ» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነበር። አዋጁ መሰብሰብን ከለከለ እንጂ እንደ ሌላው አገር ከቤት አትውጡ አላለም። በማግስቱ እንድንወጣ ተቀጣጠርን። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። በመሀላችን ሁለት እርምጃ ርቀት። ሰው ያለበት መንገድ ላይ ማስክ እናደርጋለን፣ ሰው የሌለበት ዳገት ላይ ዝቅ እናደርገዋለን። ያው ስንወጣ መተንፈስ ያስፈልጋል።

ያዳነኝ እንግዲህ ይሄ ቀጠሮ ነው። ብዙ ሰው «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ይላል። በጭንቀት ጊዜ ደስ የሚል ጠዋት የለም! ተነሳሽነትን የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይከርማል። እኔ ግን ደስ አለኝም አላለኝም ጋሼ በከዘራቸው በሩን ሊቆረቁሩት ነው፣ ስለዚህ እነሳለሁ። የመጀመሪያዎቹ መቶ ሜትሮች እየከበዱኝ ነው የምሄደው። ዳገቱን ስንጀምር ስለ ቁጥሩ ማሰብ አቆማለሁ፣ የማስበው ስለ ትንፋሼ ብቻ ነው። ስንመለስ ሻይ ያምረኛል፣ ቁርስ ያምረኛል። ስሜቱ ከእግሬ በኋላ ነበር የሚመጣው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ድብርትን ከሚያክሙባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ሰውየው ስሜቱ እስኪስተካከል ሳይጠብቅ ትንሽ ተግባር በሰዓቱ እንዲሠራ ያደርጉታል፣ ስሜቱ ከዚያ እየተነሳ ይመጣል።

ደሴን ለማያውቅ ሰው፣ ከተማችን በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል የተቀመጠች ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ ትንሽ ዳገት ራሱ ያስተነፍሳል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ነው የጀመርነው። ለቀናት ሜዳ ሜዳውን ሄድን፣ ከዚያ በጦሳ በኩል ያለውን ዳገት እየቆረስን ጨመርን። የፍጥነታችን መለኪያ ወሬያችን ነበር። እያወራን መሄድ ከቻልን ግን መዝፈን ካልቻልን ልኩ ነው። ማውራት ሲያቅተን እንቆማለን፣ ዘና ብለን ዜማ ማውጣት ከቻልን ፈጠን እንላለን። ይሄን መለኪያ የጤና ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል፣ ሰዓትም ስልክም አይፈልግም።

ሌላም ልብ በሉ። ጨለማው ሳይገፈፍ ጫካ ለጫካ መውጣት ጥሩ አይደለም፣ ጅብ አለ። ደግሞም የምንፈልገው ብርሃኑን ነው። የጠዋት ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፣ ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የተለወጠልኝ እንቅልፌ ነው። ጭንቀቱ ከዚያ በኋላ ነው መላላት የጀመረው።

ስለ እንቅልፍ ካነሳሁ አይቀር አንድ የሚያስጨንቀኝን ነገር ልናገር። በዚያ ጊዜ ሥራ የፈታ ሰው በዝቶ ስለነበር በርጫ ላይ የሚውለውም በዛ። ወዳጆቼን ለመውቀስ አይደለም፣ ቀኑ ረጅም ነበር፣ በአንድ ነገር መሞላት ነበረበት። ግን ጫት አነቃቂ ነው፣ ማታ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጭንቀቱ ይብስበታል፣ ጭንቀቱ ሲብስ በማግስቱ መልሶ ይቅማል። ከጓደኞቼ አንዱን «ከመቃምህ በፊት አንድ ዙር ከኔ ጋር ውጣ» አልኩት። አቁም አላልኩትም። ጠዋት ደክሞት ሲመለስ ምሳ ይበላል፣ ከሰዓት ይተኛል። እየቆየ የሚቅምበት ቀን አነሰ።

ጾሙም ትምህርት ሆኖናል። ጋሼ ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ ሙስሊም። ስንጀምር ጋሼ ሁዳዴ ላይ ነበሩ። ስቅለት ሚያዝያ 9 ዋለ፣ ቤተክርስቲያን ሄዶ እንደልብ መስገድ ስላልነበረ ቤታቸው ሲሰግዱ ዋሉ፣ በማግስቱ ጉልበታቸው ተሳስሮ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ሚያዝያ 16 ደግሞ የኔ ረመዳን ገባ። እሳቸው ሲፈቱ እኔ ያዝኩ። መስጊድ መሄድ ስላልነበረ ተራዊሁን ከቤተሰቤ ጋር እቤት ነው የሰገድኩት። በጾም ዳገት መውጣት ውሃ ጥም ያመጣል። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ማታ ወሰድነው፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ሜዳ ሜዳውን ቀስ ብለን እንሄዳለን፣ ስመለስ አዛን ይላል። ጋሼ ያን ወር ሙሉ በእጃቸው ውሃ ሳይዙ ነበር የሚወጡት። እኔ እያየሁ ላለመጠጣት ነው። አልጠየቅኳቸውም፣ አልነገሩኝምም።

የእናቴ ነገር ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ነው። ልትወጣ አትችልም። የሰበራት ደግሞ ቡናው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከጎረቤቶቿ ጋር አቦል ቶና በረካ ብላ፣ ዱአ አድርጋ ነው ቀኗን የምትከፍለው። ያ ሲቀር ዝም አለች። ምግብ ቀነሰች፣ ከተቀመጠችበት ለመነሳት እጅ መያዝ ጀመረች። ሰው አዝኖ ሲቀመጥና ምግብ ሲቀንስ ጡንቻውም አብሮ ይላላል፣ በአዛውንት ላይ ደግሞ በጣም ይፈጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። እንዲህ አደረግን። ወንበሩን ከግድግዳው አስጠግተን እጇን ሳትደገፍ ብድግ ቁጭ ትላለች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ በአንድ እግር ትቆማለች፣ እኔ አጠገቧ ነኝ። ከዚያ ግቢውን ትዞራለች። ቡናውንም መለስነው፦ እያንዳንዷ በየራሷ በር ላይ፣ በየራሷ ሲኒ፣ ወሬው በአጥር ላይ። እየተጯጯሁ ያወራሉ። ሲጨርሱ ግቢ ዙሩ ይቀጥላል። «አብሽሪ፣ ያልፋል» ሲባባሉ ስሰማ ልቤ ይረጋ ነበር። የእናቴ ፊት የተመለሰው ያኔ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑላት።

ለልጆቹ ብዙ አልተቸገርንም። ግቢው ውስጥ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ ሠራንላቸው፣ ገመድ ሰጠናቸው። ልጅ በቀን አንድ ሰዓት መንቀሳቀስ አለበት ይላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ የያዘ ልጅ አንድ ሰዓት አይበቃውም።

ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ይሄን ስሰማ መጀመሪያ በዛብኝ። ግን ትንሹ ሲከፋፈል በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው፣ ከፒያሳ በእግር ወደ ቤት መመለስ ራሱ ይቆጠራል። ክረምቱ ሲገባ፣ የደሴ ዝናብና ብርድ ሲመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ አደረግነው። በረንዳ ላይ መመላለስ፣ ደረጃ ካለ ደረጃ፣ ግድግዳ እየገፉ ክንድ ማጠንከር። ቀጠሮው ግን አልቀረም፣ ጋሼ በስልክ «ጀመርክ?» ይሉኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እዚህ አልዘረዝረውም። የማውቀው ግን ከቤቴ ርቄ በቆየሁበት ጊዜም ጠዋት ጠዋት መራመዴን አልተውኩም፤ በማላውቀው ከተማ፣ የሌላ ሰው ጫማ አድርጌ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ላይ በ25 በመቶ መጨመሩን አስታወቀ። ስሰማው አልገረመኝም። በየቤቱ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። እግር ብቻውን የማይመልሰው ሕመም አለ። አንድ ባልደረባዬ አብሮን መውጣት ጀምሮ ነበር። ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ግን አይቀለውም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍም ምግብም አጣ፣ ልጆቹን ማየት ጠላ፣ መኖር ሰለቸኝ ማለት ጀመረ። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ «ጠንከር በል» ብላችሁ አትለፉ፣ ስፖርት ሥራም አትበሉ። ከዘመዱ ጋር ሆነን ሆስፒታል ወሰድነው፣ እዚሁ ደሴ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል ለመሄድ የፈለጉ ቤተሰቦቹ ነበሩ። ሁለቱም ይሁን ብለን ተስማማን፣ ብቻ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር የጠዋት ጉዞውን እንዲቀጥል ነገረው። ወራት ፈጀ። አሁን ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከእኔና ከጋሼ ጋር ዳገቱን ይወጣል።