አሮጌ ፒካፕ ሙቀት ሲሰራ፦ መቼ ነው የሚሞቀው?

ጋራዥ ገብተህ "መኪናዬ ሙቀት ይሰራል" ስትል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልህ መልስ የዕቃ ስም ነው። ራዲያተር ይቀየር። ዋተር ፓምፕ ይቀየር። ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጥተን እንጣለው። መቼ ነው የሚሞቀው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለእኔ ደግሞ ከመፍቻም ከጌጅም በፊት የሚመጣው ይሄ ጥያቄ ነው። ቆመህ ነው ወይስ እየሄድክ? ሜዳ ላይ ወይስ አቀበት? ገና እንዳስነሳኸው ወይስ ቆይቶ? እነዚህን ሳትመልስ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ነገሩን ያነሳሁት በአጎቴ ሃይሉክስ ምክንያት ነው። ደብል ጋቢና፣ 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ብዙ አገር ያየች መኪና ናት። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አጎቴ እሷን የመሸጥ ሐሳባቸውን ጨርሰው ትተዋል። ስለዚህ ስትታመም ማሳከም ግድ ነው። እኔ ጋ ስትመጣ ራዲያተሯ አዲስ ነበር፣ ቴርሞስታቷም አንድ ጋራዥ ውስጥ ወጥቶ ተጥሏል። "ለአዲስ አበባ ቴርሞስታት ምን ያደርጋል" ተብለው። አሁንም ታፈላለች።

"ጋሼ፣ የት የት ነው የምትሞቅብዎት?"

"ቸርችል ላይ ነዋ! ከለገሃር ተነስቼ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ትንፈቀፈቃለች። አዳማ ደርሼ ስመለስ ግን ምንም አትለኝም። አንተ ልጅ፣ ይቺ መኪና ከተማ ጠልታለች መሰለኝ።"

"ስታፈላ የሙቀት ጌጁ የት ይደርሳል?"

"መሀል ላይ ነው። እሱ እኮ ነው የገረመኝ።"

በእነዚህ ሁለት መልሶች ብቻ የችግሩ ግማሽ ተለይቷል። ከአዳማ መመለስ ማለት ረጅም ዳገት ነው፣ ሞተሩ ይለፋል፣ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። ያንን የቻለ ራዲያተር ውሃው በደንብ እየዞረበት ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ነፋሱ ነው። በፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ፋን ኖረ አልኖረ ብዙም አይታወቅህም። ቸርችል ላይ ግን ሽቅብ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትክ፣ ከፊትህ አውቶቡስ ከኋላህ ሚኒባስ ይዞህ፣ ነፋስ የሚስብልህ ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆሞ ወይም በጭንቅንቅ የሚሞቅ፣ ሲሮጥ የሚበርድ መኪና ሲያጋጥምህ ዓይንህን ፋን ላይ ጣል። ተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ አባይ በረሃን ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ዝውውርና ወደ ራዲያተሩ ይዞራል። ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ ክንፎቹ በአቧራና በነፍሳት የተዘጉ፣ በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ ወይም ሞተሩ ሲጮህ የሚጨማደድ የታችኛው ቱቦ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ገረማቸው ነገር እንምጣ። ጌጁ መሀል ላይ ሆኖ ውሃ እንዴት ይፈላል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሲሰራ ውሃው ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። ልብ በል፣ ሞተሩ ምንም ሳይታመም፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው እዚህ ከተማ ሊፈላ ይችላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያው ክዳን ያው ብልሽት ቢኖርበት ስምንት ዲግሪ ትርፍ ይኖርህ ነበር።

የራዲያተር ክዳን ስራው መክደን ብቻ አይደለም። ውስጡ ስፕሪንግ አለው፣ ላዩ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ተብሎ ይጻፋል። ያ ማለት ውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው አየር በላይ ወደ 0.9 ባር እስኪደርስ ይዞ ያቆየዋል። በዚያ ግፊት እኛ ከፍታ ላይ እንኳ ንጹህ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በክዳን ብቻ ከሃያ ዲግሪ በላይ ታተርፋለህ! ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ ግን ውሃው ያለጊዜው ወደ ሪዘርቭ ዕቃው ይገፋል፣ ይፈሳል፣ ባለመኪናው ደግሞ "ሞተሩ ሞቀ" ይላል። የአጎቴ ክዳን ከአዲሱ ራዲያተር ጋር የመጣ፣ ቁጥር እንኳ የሌለው ቀላል ቆርቆሮ ነበር። ጎማውን በጥፍሬ ስነካው ክዳኑ አፍ ላይ በደንብ አለመቀመጡ ይታያል። ከሁሉም የረከሰውን ዕቃ መጀመሪያ መቀየር ይሻላል፣ ቀየርነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሞተሩ እንደሞቀ ክዳኑን አትክፈት። በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ምናምን አትበል። ግፊቱ በአንዴ ሲለቀቅ ያ ሁሉ ከመፍያው በላይ የሞቀ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። ራዲያተሩ እስኪበርድ፣ የላይኛውም ቱቦ በእጅህ ስትጨምቀው ለስላሳ እስኪሆን ጠብቅ።

ክዳኑ ከተቀየረ በኋላ መፍላቱ ቆመ። ግን ቸርችል ላይ በጭንቅንቅ ሰዓት ስንወጣ አሁን ደግሞ ጌጁ ራሱ ቀስ እያለ ከመሀል ከፍ ማለት ጀመረ። ይሄ መጥፎ ዜና አይደለም። የመጀመሪያው ብልሽት ሸፍኖት የነበረው ሁለተኛው ብልሽት ወጣ ማለት ነው። ውሃው ሳይሞቅ እየፈላ ሲያመልጥ ፋኑ መታመሙ አይታወቅም ነበር።

በእነዚህ መኪኖች ላይ ፋኑ በቺንጋ ነው የሚዞረው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ፋን ክላች የሚባል ክብ ነገር አለ። ውስጡ ሲሊኮን ዘይት አለው። ፊት ለፊቱ ያለችው ትንሽ የብረት ስፕሪንግ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅባት ዘይቱን ታሳልፋለች፣ ፋኑም ይጠብቅና በኃይል ይስባል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይላላል። ዘይቱ ከፈሰሰ ፋኑ ሁልጊዜ እንደላላ ይቀራል። ሲዞር ታየዋለህ፣ ግን አይስብም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም "ይዞራል እኮ" ብሎ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናው በደንብ ከሞቀ በኋላ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን አውጣ፣ ከዚያ ፋኑን በእጅህ ግፋው። ጤነኛው ይከብዳል፣ ብዙም ሳይሄድ ይቆማል። የሞተው በነጻነት ይሽከረከራል። ሌላው ምልክት የክላቹ መሀል ላይ ዘይት ይዞ የተጋገረ አቧራ ነው። የአጎቴ ሁለቱም ነበሩበት። በዚያ ላይ ራዲያተሩን የቀየረው ሰው ፋኑን የሚከበውን የፕላስቲክ መከለያ ሳይመልሰው ቀርቷል። ያ መከለያ ለጌጥ የተሰራ የሚመስላቸው አሉ። እሱ ከሌለ ግን ፋኑ በራዲያተሩ በኩል መሳቡን ትቶ ከጎን ያገኘውን ትኩስ አየር ያንኑ መልሶ ያሽከረክራል። ለምን እንዳልመለሱት ስጠይቅ አጎቴ "ቦልቱ ጠፋ አሉኝ" አሉ። በቦልት ምክንያት!

ቴርሞስታቱንም መልሰናል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ስራ አለው፤ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተህ ከጣልከው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከሙቁ ውሃ የተወሰነው ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ሙቀት ለማብረድ ብለህ ያወጣኸው ነገር አቀበት ላይ ሊያሞቅህ ይችላል፣ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅልህም፣ ያጨሳል፣ ናፍጣ ይበላል።

ቴርሞስታት በድስት የሚፈትኑ ሰዎች አሉ፣ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ከፍታውን አትርሳ። ላዩ ላይ 82 የተጻፈበት መከፈት የሚጀምረው በ82 ቢሆንም ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ ድስት ደግሞ ከ92 አያልፍም። 88 የተጻፈበትማ ትንሽ ተላውሶ ይቆማል። ስንት ደህና ቴርሞስታት "አይከፍትም" ተብሎ እንደተጣለ እግዜር ይወቀው። ቴርሞሜትር ድስቱ ውስጥ ጨምር፣ በስንት መክፈት እንደጀመረ እይ፣ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ከተቀራረበ ደህና ነው።

ስለ ቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ብሎክና ከላዩ በሚታሰረው ቴስታታ መሀል ስላለው ማሸጊያ) ሳልናገር ብቀር ይሄን የሚያነብ መካኒክ ይቆጣኛል። ሁሉም የሚፈራው እሱን ነው፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው፣ ግን ምልክቱ ሌላ ነው። ጠዋት ከቀዝቃዛ አስነስተህ ወዲያው፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ከቀዝቃዛ በተነሳ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ የማያቋርጥ አረፋ ከወጣም እንደዚያው። የትም ሳይፈስ ውሃ የሚጎድል፣ ነጭ ጭስ የሚያበዛ፣ ወይም ዘይቱ ወደ ቡና በወተት መልክ የተለወጠ ከሆነ ቴስታታውን ለማውረድ ተዘጋጅ። ጥርጣሬ ላይ ከሆንክ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ የሚፈትን ዕቃ አለ፣ የጭስ ጋዝ ካገኘ ፈሳሹ ወደ ቢጫ፣ በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት ይሄ ይደረግልኝ ማለት መብትህ ነው። የአጎቴ መኪና ቱቦዋ ጠዋት ለስላሳ ነበር፣ አረፋም አልነበራት፣ ስለዚህ ቴስታታውን ማንም አልነካውም።

ጌጁንም በጭፍን አትመነው። መብራት ስታበራ ወይም ፍሬቻ ስታሳይ መርፌው ከፍ ዝቅ ካለ ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው፣ ብዙ ጊዜም የላላ ወይም የዛገ ኔጋቲቭ መስመር ነው። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀርና መርፌው ወደ ቀዝቃዛ ሊወርድ ይችላል፤ ሹፌሩ "ተመስገን በረደ" ብሎ ጋዙን ይረግጣል፣ ሞተሩ ግን በዚያች ሰዓት እየተቃጠለ ነው። እየሞቀ የነበረ መርፌ በድንገት ከወደቀና የጋቢናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ከሰጠህ ወዲያው አጥፋው።

መንገድ ላይ መርፌው ሲወጣ ካየህ፣ እንፋሎት እስከሌለ ድረስ፣ ኤሲውን አጥፋና የጋቢና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው። ላብ በላብ ትሆናለህ፣ ይሁን። ከቆምክ ማርሹን ፈትተህ ጋዙን ትንሽ ያዝ፣ 1,500 ዙር አካባቢ፣ ዋተር ፓምፑም ፋኑም ይፈጥናሉ። እንፋሎት ካየህ ግን ዳር ይዘህ አጥፋ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ የሃይላንድ ውሃ የሚያፈስ ሰው ቴስታታውን ሊሰነጥቅ እየሰራ ነው።

ፋን ክላቹን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድን። ምርጫው ሁለት ነው፤ አዲስ ኮፒ ወይም ያገለገለ ኦሪጅናል። እኔ ለዚህ ዕቃ ያገለገለውን እመርጣለሁ፣ ግን ዘይት ያላፈሰሰ መሆኑን በደንብ አይቼ። መሀሉ ደረቅ ይሁን፣ በእጅ ስታዞረው ወጥ የሆነ ክብደት ይኑረው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትነቀንቀው አይላወስ። በጋዝ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተጠራጠር፣ የታጠበበት ምክንያት አለው። አጎቴ መከለያውንም እዚያው ከሌላ መደብር አገኙ፣ ቦልቶቹን ሻጩ በነጻ ጨመረላቸው። ውሃውንም ግማሽ ኩላንት ግማሽ ንጹህ ውሃ አድርገን፣ ማሞቂያውን ከፍተን አየሩን እያስወጣን ሞላን። ከቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ብሎኩን ያዝጋል፣ አዲሱንም ራዲያተር ቀስ በቀስ ይደፍነዋል።

አሁን ቸርችልን ስትወጣ መርፌዋ ከመሀል አትነቃነቅም። አጎቴ ግን ሌላ ክስ አምጥተዋል፤ ጠዋት ሲያስነሱ ፋኑ እንደ ድሮው ዝም አይልም፣ ይጮሃል ይላሉ። ጤነኛ ፋን ክላች ከቀዝቃዛ ሲነሳ ለትንሽ ጊዜ መጮሁ ያለ ነገር ነው ብላቸው "እና ያኛው እንዴት ዝም ይል ነበር?" አሉኝ።