ከቼኩ የጎደለው ብር

ጥቅምት 2016 ነው። የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ድርጅት ሒሳብ የሚሠራ ሰው ጥቅምትን እንዴት እንደሚያሳልፍ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለማሳወቅ አራት ወር አለ። ሦስቱን ወር "ገና ነው" እያልን እንቆይና ጥቅምት ሲገባ እንባንናለን። ከዚያ በኋላ ቡና ብቻ ነው፣ እንቅልፍ የለም።

ቢሮአችን ለገሀር አካባቢ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት የሚበዛ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። የቢሮ ዕቃ እንሸጣለን፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ሼልፍ፣ ፕሪንተር። ከአስመጪ እየገዛን ለመሥሪያ ቤቶችና ለድርጅቶች በጨረታ እናቀርባለን። የ2015 በጀት ዓመት አልቀናንም ነበር። ዋጋ አስገብተን ጨረታ ስናሸንፍ ዶላር ጠፋ። አስመጪዎቹ በየሳምንቱ ዋጋ ጨመሩ። እኛ ደግሞ በፈረምነው ዋጋ ማቅረብ ነበረብን። ከቫት በፊት 38 ሚሊዮን ብር ሸጠን ግብር የሚከፈልበት ትርፋችን 900 ሺህ ብር ሆነ።

ሒሳቡን ስሠራ አንድ ነገር አየሁ። ገዢዎቻችን ሲከፍሉን 2 በመቶ ይዘው ያስቀሩ ነበር። ያኔ ሕጉ እንዲህ ነበር፤ በአንድ ግዢ ዕቃ ከሆነ ከ10 ሺህ ብር፣ አገልግሎት ከሆነ ከ3 ሺህ ብር በላይ ሲከፈል፣ 2 በመቶው ተቀንሶ ለገቢዎች ይገባ ነበር። በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ እኛ ዊዝሆልዲንግ ነው የምንለው። ብሩ የኛው ነው፣ አስቀድመን የከፈልነው ግብር። ዓመቱ ሲዘጋ ከትርፍ ግብራችን ላይ ይቀነስልናል። ችግሩ ዊዝሆልዲንግ የሚቆረጠው ከሽያጭ ሲሆን፣ 30 በመቶ የትርፍ ግብር የሚሰላው ግን ከትርፍ መሆኑ ነው። ከመቶ ብር ሽያጭ 6 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ ያላተረፈ ድርጅት፣ ሌላ ነገር ካልገባበት፣ ግብሩን ከሚገባው በላይ ከፍሏል ማለት ነበር። እኛ ከመቶ ብር ያተረፍነው 2 ብር ከ37 ሳንቲም ነበር።

ሌጀሩ ላይ፣ ማለትም የሒሳብ መዝገባችን ላይ፣ የተያዘብን 760 ሺህ ብር ነው። ግብራችን 270 ሺህ። ልዩነቱ 490 ሺህ ብር።

ወደ ጋሼ ገባሁ። ጋሼ የምንላቸው ባለቤቱንና ሥራ አስኪያጁን ነው፤ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ 490 ሺህ ብር አለን።"

"የት?"

"ገቢዎች ዘንድ።"

ሳቁ። "እዚያ ያለ ብር፣ ብር ነው እንዴ የኔ ልጅ?"

ከዚያ በፊት በትርፍ የከፈልነው ግብር ትንሽ ሲሆን "ለከርሞ ይዛወርልን ብለሽ ጻፊ" ይሉኝ ነበር። አዋጁም ግብር ከፋዩ በጽሑፍ ከተስማማ ይፈቅዳል። የሚቀጥለው ዓመት ግብር እየበላው ያልቃል። ያሁኑ ግን ትንሽ አይደለም። ባንክ ኦቨርድራፍት ላይ ወለድ እየከፈልን ግማሽ ሚሊዮን ብር ያለ ወለድ ማስቀመጥ አልዋጥ አለኝ። የግብር አስተዳደር አዋጁን፣ 983/2008ን፣ ገልጬ አሳየኋቸው። የተረፈው ብር መጀመሪያ ሌላ የግብር ዕዳ ካለ እሱን ይሸፍናል፤ ቀሪው በ90 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ከዘገየ ወለድ ይታሰብበታል።

"ተመላሽ ጠይቀሽ ኦዲተር ልትጠሪብኝ ነው" አሉ።

"ይምጣ፣ ምን አለብን?"

ይህችን ቃል ባልተናገርኳት!

የተመላሹን ማመልከቻ አስገባሁ፤ ኅዳር ላይ ገቢዎች ጠሩኝ። የተቀበለኝ ባለሙያ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ማስመሪያ አለች። የላክሁትን የዊዝሆልዲንግ ዝርዝር ዘረጋና ማስመሪያዋን ከመጀመሪያው ረድፍ ሥር አስቀመጠ። "ደረሰኝ?" አለኝ፤ ገዢው 2 በመቶውን ሲይዝ የሚቆርጥልንን ወረቀት ማለቱ ነው። ሰጠሁት። ማስመሪያዋ አንድ ረድፍ ወረደች። "ደረሰኝ?" ሰጠሁት። እንዲህ እያልን ሄድን። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ እጄ ቦክስ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ባዶውን ወጣ።

"የዚህ የለም?"

"ይኖራል፣ ቢሮ ቀርቶ ይሆናል።"

ማስመሪያዋ ሳትወርድ ቆመች። ልጁ በእርሳስ ትንሽ ክብ ሠራና አለፈ። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አምስት ክብ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ዊዝሆልዲንጉን የመዘገብኩት ከዚህ ደረሰኝ አልነበረም። ክፍያ ሲመጣ የሽያጩን ደረሰኝ አይና ባንክ የገባውን አያለሁ። የጎደለውን "ዊዝሆልዲንግ" ብዬ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራማችን ላይ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ሲመጣ ይገባል፤ ካልመጣም ይመጣል። ብዙ ቢሮ እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት ነው።

ከክቦቹ ሁሉ ያሳፈረችኝን አንዷን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት በ2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ወንበርና ጠረጴዛ ከኛ ገዝቷል። ዝርዝሬ ላይ ዊዝሆልዲንግ 83,200 ብር ይላል። ደረሰኙ ላይ 52,000 ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አባዛ።

"2 በመቶው 52 ሺህ ነው፤ ልክ ነው። 31,200ው ምንድነው?"

እኔም አላወቅሁትም። ቢሮ ተመልሼ የውሉን ፋይል አገላበጥኩ። ዕቃውን 12 ቀን ዘግይተን ነው ያስረከብነው። ውሉ በቀን ከሺህ አንድ ይቀጣል። ይባዛ፦ 31,200። ቅጣታችንን "ግብር ነውና መልሱልን" ብዬ ለመንግሥት ማመልከቻ ጽፌያለሁ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቀሪዎቹ ክቦች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አሥራ አንዱ ጭራሽ ደረሰኝ የላቸውም፤ ድምራቸው 79,200 ብር። ሦስቱ ደግሞ ደረሰኝ አላቸው፣ የግብር ከፋይ መለያው፣ ቲን ቁጥሩ፣ ግን የኛ አይደለም። ሦስቱም ከአንድ ደንበኛ ናቸው፤ 37,200 ብር። አሥሩን አኃዝ ጣቴን እያስኬድኩ ከኛ ጋር አነጻጸርኩ። ሰባተኛው ላይ የኛ 6 ነው፤ የነሱ 0። የሆነ ጊዜ የላክንላቸው ፋክስ ላይ የስድስቷ ጭራ ጠፍታ መሆን አለበት። በየወሩ ለገቢዎች ሲያሳውቁም በዚያው ቁጥር ነው። ብራችን ስሙን በማናውቀው ሰው ሒሳብ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም ከርሟል። ሰውየውስ አይቶት ይሆን? አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

ያን ደንበኛ ማሳመን ቀላል አልነበረም። በኋላ ግን የእርማት ደብዳቤ ጻፉልን፣ ሦስቱንም ወር አስተካክለው አሳወቁ።

ለአሥራ አንዱ ጫማዬን አጠበቅሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለ መሥሪያ ቤት ነው። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። "ሁለት በመቶ ቆርጣችሁ ደረሰኝ ከልክላችሁን" ልል። ክፍያ ክፍል ያሉት እናት መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

"የየትኛው ድርጅት ነሽ?"

ነገርኳቸው። መሳቢያ ሳቡ። በክሊፕ የተያዘ የደረሰኝ እሽግ አወጡና ምራቃቸውን ጣታቸው ላይ ነካ አድርገው ቆጠሩ። አራት። ሐምራዊው ማህተም ሳይቀር ተመትቶበታል።

"ተቆርጦ ተቀምጧል እኮ ልጄ። የሚወስደው ጠፍቶ ነው። ያ ሞተረኛችሁ ቼኩን ተቀብሎ እየበረረ ነው የሚሄደው።"

ያዘጋጀሁት ጠብ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እሳቸውን አመስግኜ ወጣሁ። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፣ በሁለት ሌሎች ቦታዎችም እንዲሁ ከመሳቢያ ወጣ። አንዱ ቦታ ጥራዙ ኦዲተር እጅ ነው ተብዬ አምስት ሳምንት ተመላለስኩ። ብቻ ጥርና የካቲት አልቀው አሥሩ ተገኙ። 67,940 ብር።

የቀረችው አንዷ ፒያሳ ነበረች። 11,260 ብር።

መጋቢት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወጣሁ። ያ ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ የተጀመረበት ነው። የማውቀውን መንገድ አጣሁት። ደንበኛችን የነበረበት ቤት ግማሹ ፈርሷል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ቀርቷል። አቧራው አፍንጫ ይሞላል። ሰዎች በር፣ ቆርቆሮ፣ ጣውላ ይጭናሉ። የድርጅቱን ሒሳብ ሠራተኛ አይሱዙ ላይ ጆንያ ሲያቀብል አገኘሁት። ከሩቅ አውቆኝ እጁን አነሳ።

"እህቴ፣ በዚህ ሰዓት ዊዝሆልዲንግ?"

እኔም አፈርኩ። ሰው ቤቱ እየፈረሰበት ስለ ደረሰኝ መጠየቅ ደግ አይደለም። ጆንያዎቹን አሳየኝ። "ከነዚህ አንዱ ውስጥ አለ። የትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቅ" አለኝ። አንዱን ጫፍ ይዤለት አብረን ጫንን። ስልኬን ሰጥቼው ወረድኩ።

ያችን ትቼ አዲስ ዝርዝር አስገባሁ። በእጄ ደረሰኝ ያለው 717,540 ብር። ግብሩ 270 ሺህ ሲቀነስ 447,540። ከ490 ሺሁ ላይ 42,460 በገዛ እጄ ሰረዝኩ ማለት ነው። ማስመሪያዋ እንደገና ወረደች፤ ይህን ጊዜ አንዴም አልቆመችም። ልጁ መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ "አሁን እንሠራለን" አለኝ።

ጋሼ እንደፈሩትም ኦዲት መጣ። ያገኘው የትራንስፖርት አበል ነው። ያኔ ከደመወዝ ሩብ ያልበለጠ፣ ቢበዛም በወር እስከ 2,200 ብር ነበር ከግብር ነፃ የሚሆነው፤ እኛ ለአምስት ሻጮች 3,500 እየከፈልን ሙሉውን ነፃ አድርገነዋል። ከነቅጣቱና ከነወለዱ 41,700 ብር። ጋሼ "አላልኩሽም?" አሉኝ፤ ግን ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ሒሳቡን በልባቸው እየሠሩ ነበር።

ሰኔ ላይ ደብዳቤው ወጣ። 41,700ው ተቀንሶ 405,840 ብር ይመለስ ይላል። ጋሼ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ "90 ቀን አልፎ የለ? ወለዱስ?" አሉኝ። ሕጉ እውነት ነው፣ ወለድ ይላል። ነገር ግን ከጥቅምት እስከ ሰኔ ካለፈው ጊዜ ውስጥ ስንቱ የነሱ፣ ስንቱ የኔ ቦክስ ፋይል እንደሆነ አውቀዋለሁ። የማስመሪያውን ልጅ ፊት አስቤ "ተዉት ጋሼ" አልኩ። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማኝም፤ ባለቤቴም አልተስማማኝም።

አሁን ጉዳይ አስፈጻሚያችን ቼክ ለመቀበል ሲሄድ አንዲት ካርድ ይይዛል። ቲን ቁጥራችን በትልቁ ተጽፎባታል፤ ስድስቷን በቀይ አክብቤያታለሁ። ቼኩ ሲሰጠው "ደረሰኙስ?" ብሎ ይቆማል። አንድ ቦታ ለሁለት ሰዓት ቆሞ ጥበቃው ወንበር አምጥቶለታል አሉ። ሌጀሩም ላይ ዊዝሆልዲንግ የምጽፈው ወረቀቱ እጄ ሲገባ ነው። ባንክ ላይ የጎደለው ሌላ ሒሳብ ላይ ይቀመጣል። ስሙን "ያልታወቀ" ብዬዋለሁ። ጋሼ ስሙን አልወደዱትም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ስልኬ ጠራ።

"እህቴ፣ የፒያሳው ነኝ። ጆንያውን ከፈትነው። ደረሰኝሽ ተገኘ።"

በማግሥቱ ሄጄ አዲሱ ቦታቸው ገርጂ ተቀበልኩት። አራት ታጥፏል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ የኖራ ፍርፋሪ ተጣብቆበታል። ቲኑን አየሁ፤ ሰባተኛዋ አኃዝ ስድስት ናት። ለማስተካከያ ማመልከቻው ከነፍርፋሪው ፕላስቲክ ውስጥ አስገብቼ አስቀምጬዋለሁ።