ቀይ ቆርኪ

ዛሬ እሑድ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአባዬ ጋር በረንዳው ላይ ዳማ ተጫወትን። ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። አዳማ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ እንዴት እንደምታቃጥል የኖረባት ያውቃል። እማዬ ከጎናችን ቡና ትቆላለች። አባዬ አንዷን ቀይ ቆርኪ በጣቱ ገፋ አደረጋትና ቀና ብሎ አየኝ።

"ብዪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

በላሁ። ወዲያው ሁለት አከታትሎ በላኝ። ሳቁ እስከ ግቢው በር ተሰማ።

እዚህ ለመድረስ ስምንት ወር ፈጅቶብናል። ቤቱ እንደኛ ቤት የሆነ ሰው ካለ ይጠቅመው እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው።

አባዬ የመርሳት ሕመም አለበት። ሰፈር ውስጥ "ጃጀ" ነው የሚሉት። ቃሉን አልወደውም። ሰውዬው አብቅቶለታል ያሉ ይመስለኛል። ሐኪሙ አልዛይመር ነው ብሎናል። ከመርሳት ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖራሉ። ቁጥሩን መጀመሪያ ስሰማ ብቻችንን አይደለንም ብዬ ተጽናናሁ። ቆይቼ ግን ስንት ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላው እንደኛ ቤት ይረዝም ይሆን ብዬ አዘንኩ።

የሚከብደን ከሰዓት በኋላው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ አባዬ ይቁነጠነጣል። ጫማውን ያደርግና "ባቡሩ ሊገባ ነው፣ ልሂድ" ይላል። ድሮ በጅቡቲው መስመር እዚሁ ጣቢያ ነበር የሚሠራው። ያ ባቡር መምጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል።

እንዲሁ ቁጭ ሲል ይብስበታል ብዬ ስለፈራሁ ጨዋታ መግዛት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ካርዶች ነበሩ። ሁሉም ተገልብጠው ይደረደራሉ፤ ሁለት ሁለት እየከፈቱ ተመሳሳዩን ሥዕል መፈለግ ነው። ማሸጊያው ላይ የማስታወስ ችሎታን ያዳብራል የሚል ተጽፎበታል። እኔም አምኜ ገዛሁት።

"አባዬ፣ ዶሮዋ የት ጋ ነበረች?"

አየኝ። ካርዶቹን አየ። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። "ደክሞኛል" አለ። ከጀመርን አምስት ደቂቃ አልሞላንም። ሦስት ቀን ሞከርኩት። በአራተኛው ቀን ካርቶኑን ገና እጄ ላይ ሲያይ ተነስቶ ጓዳ ገባ።

ነገሩ የገባኝ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነው። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው። ሂፖካምፐስ ይባላል። አሁን የታየችው ዶሮ የት እንዳለች የሚይዘው እሱ ነው። እጅ በልምድ የተማረው ነገር ግን በሌሎች የአንጎል ክፍሎች ስለሚያዝ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ለካ እኔ በየቀኑ የተወሰደበትን አምጣ እያልኩት ነበር። ፈተና ላይ አስቀምጬው ጨዋታ ነው እለዋለሁ። ሕመሙን የሚያቆም ጨዋታ እንደሌለም ያን ቀን ነው የተቀበልኩት። መቀበሉ አስለቀሰኝ፤ ግን ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። ጭንቅላቱን ላድን መሮጤን ትቼ እጁ ምን ያውቃል ብዬ መፈለግ ጀመርኩ።

እማዬን ጠየቅኳት። "አባትሽማ ዳማ ነው እንጂ ሌላ ምን ያውቃል! ጣቢያው ጥላ ሥር ይቀመጥና ምሳው እስኪቀዘቅዝ ይጫወት ነበር" አለችኝ።

ካርቶን ቆርጬ በእስኪርቢቶ አሰመርኩ። ስልሳ አራት ቤት። ከሱቅ ሃያ አራት ቆርኪ ለመንኩ። እንደ ልማዱ የሱን በፊቱ፣ የኔን ገልብጬ ደረደርኩ። ጀመርን። ሁለተኛው ላይ የኔን ገፋ። ቀጥሎ የራሱን በላ። ዳማም ጠፋው ብዬ ያን ማታ አልተኛሁም።

በማግስቱ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ካርቶኑን አየሁት። ፀሐይ ሲያርፍበት ቆርኪው ሁሉ አንድ ዓይነት ያብረቀርቃል። በፊቱ ይሁን በጀርባው ለመለየት እኔም አጎንብሼ ማየት ነበረብኝ። በዚህ ሕመም ዓይን ደህና ሆኖ እንኳ አንጎል የሚቀራረብ ቀለም መለየት ሊያቅተው ይችላል። የሚያንጸባርቅ ነገርም ያደናግራል። ስለዚህ ቀይ ኩቴክስ ገዛሁና አሥራ ሁለቱን ቆርኪ ቀባሁ። የኔን ነጭ አደረግኳቸው። ቤቶቹን ሰፋ አድርጌ በወፍራም ማርከር እንደገና አሰመርኩ። ሲደርቅ አቀረብኩለት። ቀዮቹን በሁለት እጁ ሰብስቦ ወደራሱ ሳበ። ነጮቹን አልነካም።

ሌሎችም ሞክረናል። ሉዶው ፕላስቲክ ለብሶ ስለሚያንጸባርቅ ቶሎ ተውነው፤ ቢጫውም ነጩ ላይ አይታየውም። ዘመድ ደግሞ የሕፃናት ፐዝል አመጣለት፣ የእንስሳት ሥዕል ያለበት። አባዬ አንድ ጊዜ አየውና "ልጅ ነኝ እንዴ?" አለ። እውነቱን ነው። ጨዋታው ቀላል ይሁን፤ ግን የትልቅ ሰው ጨዋታ መሆን አለበት። ይሄ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ዳማ የሚከብድበት ቀን አለ። ያኔ ገበጣ እናወጣለን። የእንቁላል ትሪ ነው ገበጣችን፣ ሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። መጀመሪያ ሽምብራ ነበር የምንጠቀመው። አንድ ቀን ዞር ብዬ ስመለስ አባዬ እያኘከ አገኘሁት፤ ቆሎ መስሎታል። ቢያንቀውስ! ልቤ ቀጥ አለ። አሁን አፍ የማይገባ ጎላ ጎላ ያለ ጠጠር ነው የምንጫወትበት።

ገበጣ ሲዘራ እጁን ማየት እወዳለሁ። ጠጠሩን በሙሉ መዳፉ ያፍሳል። ከዚያ በአውራ ጣቱ አንድ አንድ እየገፋ በየጉድጓዱ ይጥላል። ትሪውን እንኳ አያይም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አን፣ ዱ፣ ትሯ፣ ካትር" ይላል። ያኔ የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የዛሬውን ቀን ብትጠይቀው አያውቅም። የጣቢያው ቁጥር ግን አለ።

የገበጣ ሕግ እንደ አገሩ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከየአካባቢው የሰበሰቡት የአጨዋወት ዓይነት ብዙ ነው። አባዬ መሐል ላይ አቅጣጫ ሲቀይር ተሳሳትክ አልለውም። የሆነ ቦታ እንደዚያ ይጫወቱት ይሆናል።

ዳማ ላይ ሕጉን መልቀቅ ግን ከብዶኝ ነበር። ተራዬን ሳይጠብቅ ሁለቴ ሦስቴ ይገፋል። "አባዬ ተራዬ ነው" እላለሁ፣ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ሰንጠረዥ ትዝ አለኝ፣ የአባቶቻችን ቼዝ። እዚያ ላይ ወረራ የሚባል አለ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። መኳንንቱ እንደዚያ ከተጫወቱ እኔና አባዬ ለምን አንጫወትም? አሁን ደጋግሞ ሲገፋ እኔም እገፋለሁ። ማን እንዳሸነፈ አንቆጥርም።

የድሮ ባልደረባው በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ጋሼ ነው የምለው። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ "ኧረ እንደዚያ አይደለም! ረሳኸው እንዴ?" እያለ አስቸገረው። ሲሸኝ በሩ ጋ ለመንኩት። "ጋሼ፣ እባክዎ አያርሙት። ዝም ብለው አብረውት ይጫወቱ።" ትንሽ ዝም አለ። "እኔ እኮ እንዲያስታውስ ብዬ ነው" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እኔም በካርዶቹ ያደረግኩት ይሄንኑ ነበር። በሚቀጥለው ሲመጣ ሁለቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆርኪ ሲገፉ ዋሉ። በደንቡ ይሁን ያለደንቡ አላየሁም።

ሌላውን በሙከራ ነው የለየነው። ጠዋት እንጂ ማታ አንጫወትም። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አራት ሲሆን ግራ ይጋባል። አቦል ሲቀዳ እንጀምራለን፣ ቶና ላይ ካዛጋ እናቆማለን። በረካ ድረስ የደረስንበት ቀን ለኛ ትልቅ ቀን ነው።

ዛሬ የተጫወትነው ዘጠኝ ለዘጠኝ ነው። ቀዮቹ ሦስት ስለጎደሉ ከኔም ሦስት ቀነስኩ። ከሰዓት በኋላ ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ሦስቱንም አገኘኋቸው፣ በመሐረብ ተጠቅልለው። አንዱ ቀለሙ ጫፉ ላይ ተፍቋል፣ ሲያሻሸው ነው መሰለኝ። ሱሪው ሲደርቅ መልሼ እዚያው ኪሱ ውስጥ ከተትኳቸው። ነገ ከሱቅ ሦስት ቆርኪ እለምናለሁ። ኩቴክሱም እያለቀ ነው።