በ“ኧስ” የሚያልቁ የላቲን ቃላት እንዴት እንደተፈቱልኝ

ከደብረ ማርቆስ ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ለምታነቡ ጓደኞቼ ደስ የሚል ወሬ አለኝ፤ ከላቲን የመጡ ቃላት ብዙ ቁጥራቸው መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ይመጣልኝ ጀምሯል።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። በ“ኧም” የሚያልቀው ወደ “አ” ይዞራል፦ ባክቴሪየም ባክቴሪያ፣ ኦቨም ኦቫ። ፊኖሚነን እና ክራይቴሪየን ግሪክ ቢሆኑም መድረሻቸው ያው ነው፦ ፊኖሚና፣ ክራይቴሪያ። “ክራይቴሪያስ” የምትሉ ሰዎች፣ “ሊቃውንቶች” እንደ ማለት ነውና ተዉት፤ የበዛውን ደግሞ ማብዛት ነው። ስፒሺስ በነጠላም በብዙም ስፒሺስ ነው።

ብዙ ጊዜ የያዘኝ “ኧስ” ነው። ፈንገስ ፈንጋይ ይሆናል፣ ስቲሚዩለስ ስቲሚዩላይ ይሆናል። ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ወገን) ግን ጄነራ፣ ኮርፐስ ደግሞ ኮርፖራ። መድረሻቸው አንድ ሆኖ ብዙ ቁጥራቸው ለምን ይለያያል? በላቲን ቤታቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። የጂነስና የኮርፐስ ግንድ ጥንት በ“ስ” ያልቅ ነበር። ያ “ስ” በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲገባ “ር” ሆነ። ስለዚህ “ር” በነጠላው ላይ ተደብቆ በብዙው ላይ ይወጣል።

ይህን ለማወቅ ላቲን መማር አያስፈልግም። የቃሉን የእንግሊዝኛ ዘመዶች ጥሩ። ጂነስ ጄነራልና ጄነሬት የሚሉ ዘመዶች አሉት፤ ኮርፐስ ኮርፖሬሽን፤ ኦፐስ ኦፕሬሽን። “ር” ብቅ ካለ ብዙው ጄነራ፣ ኮርፖራ፣ ኦፐራ ነው። ደብተሬ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሬ ነጠላውን፣ ዘመዱን፣ ብዙውን ጎን ለጎን እጽፋለሁ። የዲማና የዋሸራ የቅኔ ተማሪ ግስ ሳያረባ ወደ ቅኔ እንደማይዘልቅ ሁሉ፣ እኔም ዘመዱን ሳልጽፍ ብዙውን አልጽፍም። ለልምምድ የአካባቢያችንን እህል ውሰዱ፦ ጤፍ ኤራግሮስቲስ በሚባል ጂነስ ነው፣ ኑግ ደግሞ ጉዊዞቲያ በሚባል ሌላ ጂነስ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ጄነራ ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኒውክሊየስ ኒውክለር የሚል ዘመድ አለው፤ “ር” ታያላችሁ፣ ብዙው ግን ኒውክሊያይ ነው። ያ “ር” የግንዱ አይደለም፣ የቅጥያው ነው። በላቲን ቅጽል የሚሠራው “አል” ግንዱ ውስጥ “ል” ካለ ብዙውን ጊዜ ወደ “አር” ይለወጣል፤ ሶላር፣ ሉናር፣ መስኩላር እንዲሁ ናቸው። በቃሉ መጨረሻ የቆመ “ር” አይቆጠርም፤ ጄነራል ላይ እንዳለው “አል” የሚከተለው ይቆጠራል። ይህ የገባኝ ቀን ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ስለዚህ “ኧስ ሁሉ ወደ አይ ይቀየራል” የሚለው ሰንጠረዥ ከክፍል ውስጥ ቢወጣ እወዳለሁ። “ኦክቶፓይ” እና “ቫይራይ” የተወለዱት ከእሱ ነው። ኦክቶፐስ ግሪክ ነው፣ ኦክቶፐሰስ በሉት። ቫይረስ በጥንታዊው ላቲን መርዝ ማለት ነበር፣ ብዙ ቁጥሩም ተጽፎ አልተገኘም፤ ቫይረሰስ በሉ። ስቴተስና አፓራተስ የሌላ ቤት ልጆች ስለሆኑ “አይ” አይነካቸውም። ኢግኖራመስ ደግሞ ጭራሽ ስም አልነበረም፤ በላቲን “አናውቅም” የሚል ግስ ነው።

የዘመድ ዘዴው ለ“ክስ”ም ይሠራል፦ ኮርቴክስ፣ ኮርቲካል፣ ኮርቲሲስ። ቨርቴክስ፣ ቨርቲካል፣ ቨርቲሲስ። ከዚህ በላይ አላብራራም፣ ራሳችሁ ሞክሩት።

የዴተም ብዙ ቁጥር የሆነው ዳታ ላይ ሐሳቤ ጥብቅ ነው። በዕለት ንግግር እንደ ነጠላ መያዙ አይከፋኝም፤ በላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ ግን እንደ ብዙ እጽፈዋለሁ፣ ተማሪዎቼንም እንዲሁ አስጽፋለሁ። አነባበቡን በተመለከተ ግን ብዙ አልተጋሁም፤ ፈንጋይን በሌላ ድምፅ የሚያነቡም አሉ፣ ሁለቱም ተቀባይነት አላቸውና ጊዜዬን ለጽሕፈቱ ሰጠሁ።

አሁን ያለሁት ሁለት ብዙ ቁጥር ያላቸው ቃላት ላይ ነው። የነፍሳት አንቴና ሲበዛ አንቴኒ፣ የሬዲዮው አንቴናስ ነው። የሒሳብ ኢንዴክስ ኢንዲሲስ፣ የመጽሐፍ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ኢንዴክሰስ። ምሕንድስና የምታጠኑ፣ ፎርሙላን ስትጽፉ በየትኛው ታበዙታላችሁ? ጻፉልኝ፣ ደብተሬ ላይ ቦታ ትቼለታለሁ።